ጅቡ ይቅርታ ጠየቀ

ባለፈው እሁድ ደሴ ከጠዋት ጀምሮ ስታካፋ ነው የዋለችው። ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ጭራሽ የለም። እኔ ሸዋ በር አካባቢ ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አቦሉ ገና እንደተቀዳ ጠብ ተነሳ። ጠብ ስላችሁ ያው የቡና ጠብ ነው፣ የተሰበረ ስኒ የለም።

የቤቱ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። እትዬ እንበላቸው። የልጅ ልጃቸውንና የሰፈሩን ልጆች ምንጣፍ ላይ ሰብስበው «ተረት ተረት» አሉ። «የላም በረት!» አሉ ልጆቹ። አህያና ጅብ ወንዝ ወረዱ። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ሆነው ይጠጣሉ። «ውሃውን ለምን ታደፈርሽብኛለሽ?» አላት። «አያ ጅቦ፣ እኔ ከታች፣ አንተ ከላይ፣ እንዴት አድርጌ ነው የማደፈርስብህ?» አለችው። ሌላ ሰበብ አመጣ። መለሰችለት። ሌላ አመጣ። ሲሰለቻት «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።

«ከዚያስ?» አሉ ልጆቹ።

«ከዚያማ በላት።»

ይሄኔ ነው አንዱ ወዳጃችን ስኒውን ቁጭ ያደረገው። የአንድ ድርጅት ሠራተኛ ነው፣ ከስልጠና ስልጠና የሚዞር። ልጁን ይዞ ነው የመጣው፣ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። «እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ «ይሄ ለልጅ ጥሩ አይደለም። የሥነ ልቦና ጫና አለው።» እሱ ቤቱ ይህንኑ ተረት ሲያወራ አስተካክሎ ነው አሉ። እንዴት አድርገህ? አልነው። ጅቡና አህያዋ ይወያያሉ። ውሃውን በተራ ለመጠጣት ይስማማሉ። በመጨረሻ ጅቡ ይቅርታ ይጠይቅና ሣር መብላት ይጀምራል።

ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን ቆሎውን እየቆረጠመ «ጅቡ ሣሩን ከበላው አህያዋ ምን ልትበላ ነው?» አለ።

ለዚህ መልስ አልተገኘም። ስልጠናው ላይ አልነበረማ።

ሰውዬው ግን የዋዛ አይደለም። አባባ ተስፋዬን ጠራብን። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ገብተው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ያወሩ፣ በ2009 ያረፉት አባባ ተስፋዬ እንኳ በፈገግታ ነበር የሚያወሩት አለን። እትዬ ስኒ ከረከቦቱ እያነሱ «ፈገግ ያሉት እሳቸው ናቸው እንጂ ጅቡ አይደለም» አሉት። «አንተ ልጅ፣ ማታ ማታ ጅብ ሲጮህ አትሰማም እንዴ? ሣር በሊታ ነው ያልከው ልጅህ ላጫውተው ብሎ ቢወጣስ?»

እሱም ወደ ፊልም ዞረ። እኔ የልጅነቴን ነገር ከልጄ አልነፈግሁም፣ ላየን ኪንግን ሳይቀር አብሬው አይቻለሁ አለ። ያውም የ2019ኙን በኮምፒውተር የተሠራውን ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን፣ በእጅ የተሳለውን። እዚህ ላይ ወደድኩት፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ቀጠለና አበላሸው። አባትየው አንበሳ የሚሞትበትን ቦታ እያሳለፈ ነው የሚያሳየው። ልጁ «አባቱስ የት ሄደ?» ሲለው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አረብ አገር ሄዷል።»

ሳቅን። ባጃጅ ነጂው ቆሎው ትን እስኪለው ሳቀ። የእትዬ የልጅ ልጅ ግን አልሳቀችም። ከምንጣፉ ቀና ብላ «አረብ አገር ከሄደማ ይደውላል» አለች። «የኔ እናት ትደውላለች።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የዚችን ልጅ እናት ሁላችንም እናውቃታለን። ሪያድ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እትዬ ምንም ሳይሉ ቡናውን ቀዱ። ሰውዬውም ስኒውን ሲያይ ቆየ። ይሄ ቤት የመጣው ጫና እንዳይደርስብን ሊያስተምረን ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን ብዙም አላስታውስም፣ እውነቱን ለመናገር ማዳመጥም ትቼ ነበር። ልጆች ገና ናቸው፣ ሲያድጉ ይደርሱበታል፣ ምናምን። እትዬ ለሁሉም አንድ መልስ ነው የነበራቸው። «ልጁ ሌሊት ይባንናል» ሲላቸው፣ «ሳታመካኝ ብላኝ።» «ዘመኑ ተለውጧል» ሲላቸው፣ «ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ።» በኋላ ሲጨንቀው አንድ እውነት አመለጠው። ማታ ከሥራ ደክሞ ነው የሚገባው፣ ልጁ ከፈራ አብሮት መቀመጥ ሊኖርበት ነው፣ ጅቡ ይቅርታ ከጠየቀ ግን ልጁ ቶሎ ይተኛል። እንዲህ በለን እንጂ ወንድሜ! ለዚህ ሥነ ልቦና ምን አስጠራው? ደከመኝ ማለት ነውር አይደለም፣ እኛም ይደክመናል።

በርግጥ ሁለት ዓመት ላልሞላው ጨቅላ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስለ ጅብ አይወራም። ይህን እትዬም ያውቁታል። ስድስት ዓመት የሞላው ግን እኮ ጨቅላ አይደለም።

እኛ ደሴ ቪዲዮ ቤት በኃምሳ ሳንቲም ገብተን ያደግን ነን። አግዳሚው ላይ ተጠባብቀን፣ አንዱ ጎረምሳ ከኋላ ሆኖ ሂንዲ የሚያውቅ ይመስል እየተረጎመልን። የህንድ ፊልም ላይ አባት የሚኖረው እስከ መጀመሪያው ዘፈን ነው። ከዚያ ይገደላል። እናትየው ታለቅሳለች፣ እኛም እናለቅሳለን፣ «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን እንጽናናለን። ወጥተን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ በካራቴ እየተማታን እንሄዳለን። ማንም አሳልፎ አላሳየንም። ደግሞ የፈራን ጊዜ አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ ክንድ እንይዝ ነበር፣ ለካ ከፊልሙ ይልቅ ትዝ የሚለኝ እሱ ልጅ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ጋራዥ ከፍቷል፣ ባገኘሁት ቁጥር ክንዱን እያሳየ «ጥፍርህ እስካሁን አለ» ይለኛል።

ላየን ኪንግ ላይም እኮ ጅቦች አሉ። ግን የዚያ ፊልም ጅቦች ተላላኪዎች ናቸው፣ ክፋቱን የሚጠነስሰው የሟቹ ወንድም ነው። የኛ ጅብ ራሱን የቻለ ነው። ምላስ አለው። ሰበብ አለው። ሊበላህ ሲል መጀመሪያ ጥፋተኛ ያደርግሃል። እኔ ይህን ተረት እንደ አስፈሪ አይቼው አላውቅም። አሁን ካደግሁ በኋላ ሳስበው እንደውም የዕለት ዜና ነው።

አከራዬ ባለፈው ወር ኪራይ ሲጨምሩ ግማሽ ሰዓት አስረዱኝ። የቤቱ ክዳን፣ የወንድማቸው ሕመም፣ የጎረቤት ኪራይ። ትምህርት ቤቱ ክፍያ ሲጨምር «ለትምህርት ጥራት ሲባል» የሚል ደብዳቤ ላከ፣ ደብዳቤው ላይ ሦስት የፊደል ስህተት አለ። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ሻጩ «ዶላር ጨመረ» አለኝ። ከቆቦ የመጣ ሽንኩርት ነው፣ ዶላር በዓይኑ አይቶ አያውቅም! አንድ ቢሮ ስሄድ «ሲስተም የለም» ይሉኛል፣ እጅ ስትዘረጋ ሲስተሙ ይመጣል። ሁሉም ከላይ ቆሞ ከታች ያለውን ውሃ አደፈረስሽ ይለዋል። ድሮም ይበላ ነበር፣ እሺ። የአሁኑ ግን አስረድቶ፣ አስፈርሞ፣ አመስግኑኝ ብሎ ነው የሚበላው። እና በዚህ ዘመን ልጄን ጅብ ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ላሳድገው?

በረካ ጠጥተን ወጣን። ዝናቡ በርትቷል። ባጃጅ ነጂው ወደ ፒያሳ ስለሆነ እኔ፣ ሰውዬውና ልጁ አብረነው ገባን። ሰውዬው ልጁን እግሩ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሏል። ስንደርስ ሒሳብ ስንት ነው አለ።

«ሠላሳ ሠላሳ» አለ ነጂው።

«ሃያ አልነበር እንዴ?»

«ነበር ወንድሜ። ግን ዝናቡን ታያለህ። መንገዱም ተቆፍሯል። ቤንዚን ደግሞ ሌሊት ተሰልፌ ነው...»

ልጁ ከአባቱ ጭን ላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገና «ሳታመካኝ ብላኝ» አለው።

ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ዞር ብሎ ልጁን አየው፣ ከዚያ እኔን። አባትየው ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን ቀን ከልቡ ሳቀ። ሠላሳውን ግን ከፈልን።