ጫን ብለው ይጻፉ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጅማ ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ፣ በመካከሉ ካርቦን የገባበትን ባለሦስት ቅጂ ቅጽ በጥንቃቄ ሞልቼ ሰጠሁ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቶቹን ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ጋሼ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ምንም የለም፤ ጫን ብለው ይጻፉ» ብላ መለሰችልኝ። ጫን ብለው! በእጄ የያዝሁት ከጀርመን፣ ከሃኖቨር ከተማ ድረስ የመጣ፣ ጫፉ ባለ 18 ካራት ወርቅ የሆነ ፔሊካን ብዕር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ጫን ማለት የአራስ ሕፃን ሆድ ጫን እንደማለት ነው።

ብዕሩን የገዛሁት አምና ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ጀርመን በተላክሁ ጊዜ ነበር። ሥልጠናው ስለምን እንደነበረ ከእኔ ይልቅ የምስክር ወረቀቴ ያስታውሳል። ውሎ አበሌን ለመቆጠብ ከቤት የተቋጠረልኝን በሶ በሆቴሉ ብርጭቆ እየበጠበጥሁ ሰነበትሁ። ባልደረቦቼ በቆጠቡት ጫማና ስልክ ሲገዙ እኔን ግን «ማስታወሻ» የሚባል ነገር አሰኘኝ። በእኛ ዘንድ የውጭ አገር ማስታወሻ ማለት ያየው ሰው ሁሉ ከየት እንዳመጣኸው ሊጠይቅህ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ደረት ኪስ ላይ እንደሚሰካ ብዕር የሚመች የለም። የፔሊካን መሰኪያ እንደ ስሙ የወፉን ምንቃር ይመስላል፤ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጁን የሚከብበው ያ ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ኪሴ ላይ ሲያርፍ በመስታወት አየሁትና ልቤ ተሰረቀ። ሻጩ ወንበር አቅርቦ አስቀመጠኝ፤ ወፍራም ወረቀት ዘርግቶ፣ ብዕሩን ቀለም አጥቅሶ ሰጠኝ። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚጽፈው ፊርማውን ነው፤ እኔም ሰባት ጊዜ ፈረምሁ። ዋጋውን ለባለቤቴ የነገርኋት በግማሽ ነውና እዚህም አልጽፈውም።

ሻጩ እንዳጫወተኝ ፔሊካን በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1838 ሃኖቨር ላይ የቀለም ፋብሪካ ሆኖ የጀመረ ድርጅት ነው፤ ቀለም በሆዱ ስቦ የሚሞላውን ብዕር የሠራው በ1929 ነው። ከ90 ዓመት በላይ ቀለም ሲሠራ ኖሮ ብዕሩን በኋላ አመጣው ማለት ነው። እኛ ተቃራኒዎች ነን፤ ብዕሩን አስቀድመን ገዝተን ቀለሙን መርካቶና የጅማው ሄርማታ ገበያ ስንፈልግ እንከርማለን።

ለነገሩ የመጀመሪያው ሙሌት ጅማም አልደረሰ። በመጨረሻው ሌሊት ሆቴል ገብቼ ሞላሁት፤ ፊርማዬን ስለማመድ አምሽቼ ግማሹን ጨረስሁት። ጎደሎ ብዕር በሆዱ አየር ይይዛል፤ አውሮፕላን ሲነሣ የውስጡ ግፊት ስለሚቀንስ ያ አየር ይለጠጥና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ሙሉ ወይም ባዶ ቢሆን፣ አለበለዚያም ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ ባቆመው ይህ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን እንዳይሰረቅብኝ ሰግቼ ኮቴ ውስጥ ጠቅልዬ አስተኛሁት። ቦሌ ደርሼ ቅጽ ልሞላ ክዳኑን ስከፍት ቀለሙ ነጩ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ዕድሜ ልኬን ቀለም ቀመስ ለመባል ስደክም ኖሬ ማዕረጉን ያገኘው ሸሚዜ ሆነ።

ጅማ እንደገባሁ ጎረቤቱ ቡና ላይ ተሰበሰበ፤ ብዕሩም ከስኒው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ መዳፉ ላይ ሞከረው፣ ሌላው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ፤ አንዷ እመቤት «እንደ እስክሪብቶ ነው እንዴ የሚጽፈው?» ብላ ስትጠይቅ «አይ፣ ከእስክሪብቶ ይብሳል» አልሁ፤ ሳልዋሽ። የጎረቤቴ ሐጂ ግን ብዕሩን አየት አድርገው «ልጄ፣ እኛ ቁርዓን ቤት ለውሕ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ቀለም የምንለው መቃውን ራሱን ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዐረብኛ ቀለም ማለት መጻፊያው ነው፤ በእኛ ደግሞ ቀለም የሚጠቀሰው ጥቁሩ ፈሳሽ ነው፤ የዐረብኛው ቃል መቃ ማለት ከሆነው ከግሪኩ ካላሞስ ጋር ይዛመዳል። የቤተ ክህነቱም ጸሐፊ ብርዑን ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ቀርጾ፣ ከጥላሸት የተዘጋጀውን ቀለም በቀንድ ይዞ ነው ብራና ላይ ስንት መጽሐፍ ያወረሰን። ብርዑ ሲዶለዱም በካራ ይቀርጸዋል፤ ቢሰበር አዌቱ ወንዝ ዳር ወርዶ ሌላ መቁረጥ ነው። የእኔ ሲሰበር ግን ሃኖቨር መመለስ ሊኖርብኝ ነው፤ ሌላ ሥልጠና ደግሞ እስካሁን አልመጣም።

ስለ መሰበር ካነሣሁ አይቀር፣ የሚያናድደኝ ተዋሹ ነው። ባንክ ቤት በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ አጠገቡ ተንጠልጥሎ ሳለ ወደ እኔ ኪስ የሚያንጋጥጥ ሰው አለ፤ ከሰጠሁት ደግሞ ድንጋይ የሚጠርብ ይመስል ይጫነዋል። የወርቁ ጫፍ መካከሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ቀለሙ በዚያ ስንጥቅ ያለ ግፊት በራሱ ይወርዳል። ሲጫኑት ሁለቱ ወገን ይለያያሉ፤ አንዳንዴም ተለያይተው ይቀራሉ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ብዕር ላይ ቢቀረጽ ብዬም አስቤያለሁ። ይሁንና ይህ ተረት እኔንም ሳይነካኝ አያልፍም፤ ወርቅ ለዚህ ሥራ የተመረጠው የዱሮ ቀለም አሲድ ስለነበረውና ወርቅን ስለማይበላው ነው እንጂ፣ ወርቁ ራሱ ወረቀት አይነካም። ወረቀቱ ላይ የሚንሸራተተው ከጫፉ የተበየደ፣ ከወርቅ እጅግ የጠነከረ ሌላ ብረት ቅንጣት ነው። ከፊት የሚያብለጨልጨው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ፤ ይህን አሠራር ከመሥሪያ ቤቴ በደንብ አውቀዋለሁ።

አጎቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እሑድ እሑድ ኮቱ ላይ ፓርከር ይሰካ ነበር። ሰፈሩ በዚያ ብዕር ምክንያት ማመልከቻ ጻፍልን እያለ ይለምነዋል፤ እርሱም «ዛሬ ሰንበት ነው» ይላል። አንድ ቀን ተኝቶ ሳለ ሰርቄ ፈታሁት። ቀለም የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲያገኘኝ በቀበቶው ገረፈኝ። ያኔ የተገረፍሁት ብዕሩን ስለነካሁ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የተገረፍሁት ስላወቅሁ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁትም።

ወደ መስኮቱ ልመለስ። ካርቦን ወዳጁ እስክሪብቶ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ተጭና ካልተንከባለለች አትጽፍምና። ይህን ዓይነቱን እስክሪብቶ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1938 በስሙ ያስመዘገበው የሃንጋሪ ጋዜጠኛ ላስሎ ቢሮ ይባላል። ቢሮ! ስሙን ስሰማ ማን እንዳሸነፈኝ ገባኝ። የአገራችን ቢሮዎች የሚፈልጉት የሚጫን ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ፣ አምሮ የተጻፈ ስም በሦስተኛው ቅጂ ላይ የለም፤ በሦስተኛው ቅጂ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ እነርሱ ዘንድ ጨርሶ የለም። ይህንን ለሠራተኛዋ ላስረዳት ስሞክር «ጋሼ፣ ሰልፉ እየጠበቀ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ያለውም ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ «ካልጻፉበት ያቺን እስክሪብቶ ያውሱኝ» አለ።

ብዕሩን ከድኜ ኪሴ ላይ መለስሁት። በሩ ላይ ከቆመው ሱቅ በደረቴ ሁለት እስክሪብቶ ገዛሁ፤ አንዱ ለቅጹ፣ አንዱ ለተዋሹ።