መኪናችን የጎደለው አየር ነው፣ ናፍጣ አይደለም!

ይህን የምጽፈው ተቃጥዬ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ በሐረጎ ዳገት በኩል ወደ ደሴ ስትወጡ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና ከፊታችሁ ከገባ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና ቀድሞ ማለፍ የለም። መስኮት ብትዘጉም ሽታው ይገባል፤ መንገድ ዳር የሚሄዱ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይጭናሉ። እኔን ግን ከጭሱም በላይ የሚያንገበግበኝ ያንን ጭስ «ጉልበት ነው» ብሎ የሚያወድሰው ሰው ነው። ሹፌሩ ይኮራበታል፣ መካኒኩ ይኮራበታል፣ ባለንብረቱም ገንዘቡ በጭስ ማውጫ ሲወጣ እያየ ዝም ይላል። ጥቁር ጭስ እኮ አየር አጥቶ በግማሽ የተቃጠለ ናፍጣ ነው! የተከፈለበት፣ ነገር ግን ጎማ ያላዞረ ናፍጣ።

የጭነት መኪና አለኝ። ሞተሩ ሲሠራ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያልነበረው ነው፤ በኋላ ቱርቦ አስገጥሜለታለሁ። ቱርቦ የተጨመረለት ሞተር የናፍጣው መጠን እንደገና መስተካከል አለበት፤ ያውም በመለኪያ። ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ የገባሁባቸው ጋራዦች የሚያደርጉት ግን አንድ ዓይነት ነው። ጋቢናው ይነሣል፤ ናፍጣ ለክቶ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ላይ የሙሉ ጭነት ናፍጣን የሚወስነው ብሎን ማሸጊያው ይበጠሳል፤ መቆለፊያ ዳዶው ይላላል። ረዳቱ ነዳጅ ይረግጣል፣ መካኒኩ ጭስ ማውጫውን ያያል፣ ብሎኑን ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭሱ ጠቆር ሲል «አሁን መጣ!» ይባላል።

መኪናው እኮ ባዶ ነው፤ ቆሟል። ጭነት የሌለበት ሞተር ሲረገጥ ቱርቦው በወጉ አይነፋም። ቆሞ የተስተካከለ ሞተር ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን በምን ይታወቃል?

በዕድሜ የገፉ አንድ የፖምፓ ባለሙያ «ጋሼ፣ በምን ለኩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ 30 ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ጆሮዬ ይበቃኛል» አሉኝ። ጆሯቸውን ከልቤ አከብራለሁ። የተበላ ኩሽኔታና የላላ ቫልቭ ከሩቅ ይለያሉ። የጭስ ማውጫው ሙቀት 600 ዲግሪ ይሁን 800 ግን በጆሮ አይሰማም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከጂቡቲ ወደብ ጭኖ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣ መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥርም አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ የሚስበው አየር በክብደት ሲለካ በባሕር ወለል ከሚስበው በሩብ ገደማ ያንሳል። እንግዲህ አስሉት፦ ወደብ ላይ ለ1 ኪሎ ናፍጣ 20 ኪሎ አየር ያገኝ የነበረ ሞተር ያንኑ ናፍጣ እየረጨ ደሴ ሲደርስ የሚያገኘው 16 ኪሎ እንኳን አይሞላም። ማንም ብሎን ሳይነካ!

በሒሳቡ 1 ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይበቃዋል። ነገር ግን ናፍጣ የሚረጨው ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሊጨርስ ሲል ስለሆነ ከአየሩ ጋር በወጉ የሚደባለቅበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ ትርፍ አየር ይፈልጋል፤ ከ20 ወደ 18፣ ከዚያም በታች እየወረደ ሲሄድ ይጨሳል፣ ይግላል። ዳገት ላይ «መኪናው ደከመ» የምንለው አየር ስላጠረው ነው። ለእንዲህ ያለው ሞተር ናፍጣ መጨመር ትንፋሽ ላጠረው ሰው ጉርሻ ማብዛት ነው።

ይህ ስሕተት ከቤንዚን ሞተር የመጣ ይመስለኛል። ቤንዚን ላይ ትክክለኛው ድብልቅ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው፤ ለጉልበት ሲባል ወደ 12.5 ወይም 13 ዝቅ ይደረጋል። በጭነት ጊዜ ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን ያቃጥላል፤ ትንሽ ሲበዛ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በዚያ ሞተር ላይ «ነዳጅ ይብዛ እንጂ አይነስ» ያለ ሰው አልተሳሳተም። በናፍጣ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ናፍጣ በተጨመረ ቁጥር ሙቀት ይጨመራል፤ ባነሰ ቁጥር ሞተሩ ይቀዘቅዛል። የአንዱን ሕግ ወስዶ ለሌላው መስጠት ሞተር ይገድላል።

ገደለም። በቅርቡ ደሴ ውስጥ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) የወረደ ሞተር አየሁ። የአንዱ ፒስተን አናት ጠርዙ ቀልጦ ወደ ቀለበቶቹ ፈስሷል፤ ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተፍቋል፤ የቱርቦው ክንፎች ጫፋቸው ተበልቷል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ብድር ፍለጋ ስልክ ይደውል ነበር። «የውሃው ሙቀት እኮ ደኅና ነበር» ይላል ደጋግሞ። እውነቱን ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት የሚነግረን የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ብቻ ነው። ፒስተኑ የተሠራበት አሉሚኒየም ንጹሑ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ከዚያ የሚበልጠውን የጋዝ ሙቀት ፒስተኑ ዘይቱና ውሃው እያቀዘቀዙት ለጥቂት ሰከንድ ይችላል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ደቂቃዎች ሲቆጠሩ አይችልም። ውሃው ገና ሳይሞቅ ፒስተኑ ሊያልቅ ይችላል።

መሠራት የነበረበት ይህ ነው። መጀመሪያ አየሩ ይታያል፦ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል ወይ፣ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄደው ጎማ ይተነፍሳል ወይ። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ይፈተሹ፤ የቫልቭ ክፍተቱና የናፍጣ መርጫ ጊዜው ይስተካከሉ። ፖምፓው ወርዶ በመሞከሪያ ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚልከው ናፍጣ በሲሲ (በሚሊ ሊትር) ይለካ፤ እኩል ይሁን። ከዚያ የጭስ ሙቀት መለኪያ ይገጠማል፤ ያውም ከቱርቦው በፊት፣ ምክንያቱም ከቱርቦው በኋላ የተገጠመ ከእውነተኛው ሙቀት ብዙ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። የቱርቦውን ግፊት የሚያሳይም አብሮ ይግባ። ከዚያ መኪናው ተጭኖ ሐረጎን ይውጣ! ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የት ይገኛል? ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪ ከተጠጋ ብሎኑ ይመለሳል፤ ካልተጠጋና ጭስ ከሌለ ከሩብ ዙር ባነሰ ይጨመራል፣ እንደገና ይለካል። ሹፌሩም የጭስ ሙቀት መለኪያው ቀስት ሲወጣ ማርሽ መቀነስ ይልመድ፤ ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ብዙ አየር ያገኛል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። በዚህ መንገድ የተገኘ ጉልበት ከወልዲያ ጋሸና ጭኖ ወጥቶ በሰላም ይመለሳል።

ስለ ፍሬን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ጉልበት የተጨመረለት መኪና ጭነቱም ይጨመርበታል፤ ቁልቁለቱን የሚይዘው ፍሬን ግን ያው የድሮው ነው።

«መለኪያ ውድ ነው» የሚል መልስ ሰልችቶኛል። ከአንድ ሞተር እድሳት ጋር አወዳድሩትና ንገሩኝ። ኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት፣ ፋብሪካና ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና መናኸሪያ ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ፖምፓ በጆሮ ይስተካከላል መባሉ ያሳፍራል። ባለንብረቶችም «ጭሱን ጨምርልኝ» እያልን ጋራዥ መግባታችንን እንተው። መካኒኩን «ስንት ዲግሪ ደረሰ?» ብለን ብንጠይቀው ነገ መለኪያ ይገዛል፤ ካልጠየቅነው ለምን ይገዛል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ፖምፓ በማሽን የሚለካ፣ ከዚያም ከነጭነቱ አብሮኝ ሐረጎን የሚወጣ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። የሙቀት መለኪያውን እኔው ገዝቼ አመጣለሁ፤ የድካሙን ዋጋም ሳልከራከር እከፍላለሁ።