«ገል የትም አለ» ለሚሉን

ሰሞኑን አንድ የሥራ ኃላፊ ስለ ጥንታዊ የገጠር መንደሮች ቁፋሮ ተጠይቀው ሲመልሱ ሰማሁ። «ሐውልት በሌለበት መቆፈር ገንዘብ መቅበር ነው። ገል እንደሆነ የትም አለ» አሉ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

አዎ፣ ገል የትም አለ። ሰው የትም ስለኖረ ነዋ! ይህ ለመቆፈር እንጂ ላለመቆፈር ምክንያት ሆኖ አያውቅም።

ትግራይ፣ ጉሎ መኸዳ ውስጥ ያለው መዝበር የገበሬ መንደር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ ሰው ይኖርበት ነበር። አክሱም ገና አልታሰበችም። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው የዶሮ አጥንት አገኙ፤ በአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ነው። ዶሮ ጓሯችን መቼ እንደገባች የነገረን ሐውልት አለ?

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የሸክላ ሠሪዎቹ ነገር ነው። በዛሬው ከፈረድን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አሮጌ ገል ወቅጠው ከጭቃው ጋር ያቦካሉ። ያለ ምንም መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ እንስራ ያቆማሉ። በኩበት ተኩሰው ገበያ ሲያወጡት እኛ «ቡዳ» አልናቸው። ምጣዳቸውን ገዛን፤ ከማዕዳችን ግን አራቅናቸው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደረሱ። ንጉሥ ኢዛና ድሉን በድንጋይ አስቀርጿል። ሠራዊቱ የበላበትን ድስት ማን እንደሠራው ግን አንድ መስመር የለም። የእነዚያ ሴቶች ጽሑፍ ገሉ ነው። ሌላ ምንም አልተዉልንም፤ እኛም አልጻፍንላቸውም።

አንድ ጊዜ የጥንት ገል በእጄ ይዣለሁ። ከውጭ ጥላሸቱ አለቀቀም። ከውስጥ፣ እጀታው ከተለጠፈበት በኩል፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ በጣት የተጫነ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበረው። አውራ ጣቴን ሳስገባው ልክክ አለ። ያቺን ሴት ነው «የትም አለ» የሚሉን።

ገንዘብ እንደሚያንስ አልክድም። ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለግንባታ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል። ለማሳወቅ ስንት ብር ይጠይቃል? ኤክስካቫተሩን ለጥቂት ቀን ማቆም ነው። የጥንቱ መንደር የተቀበረበት ጉብታ አንዴ ተዝቆ መንገድ ላይ ከተደለደለ በኋላ የዓለም ገንዘብ ቢመጣ የትኛው ገል ከየትኛው ምድጃ አጠገብ እንደነበር ማንም አያውቅም። ኃላፊው ከመፍረዳቸው በፊት አንድ ቀን ቁፋሮ ቦታ ሄደው፣ አፈር ከሚነፉት ሰዎች ጎን ይቀመጡ።