የውጭው መምህር ለምን አረፈደ?

የውጭ አገር መምህር የቀጠሩ የግል ትምህርት ቤቶች ቅሬታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ያረፍዳል፣ ሮስተር (የክፍሉን የውጤት ማጠቃለያ) ያዘገያል፣ ተማሪ ያስቀይማል። መምህሩ ደግሞ በበኩሉ «ትምህርት ቤቱ ዝርክርክ ነው፣ ቀንና ሰዓት አያከብርም» ይላል። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ አብዛኛው የቀጣሪው ጥፋት ነው። እኛ ስለለመድነው የማይታየንን ነገር ለእንግዳው ቁጭ ብሎ የጻፈለት የለም።

ሰዓቱን እንውሰድ። ለመምህሩ የወላጆች ስብሰባ ቅዳሜ 8 ሰዓት እንደሆነ በቃል ይነገረዋል። እሱ በራሱ አቆጣጠር 8 ሰዓት፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ግቢው በር ላይ ይቆማል፤ ስብሰባው ሊጀመር ስድስት ሰዓት ይቀረዋል። ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ «ፈተናው 3 ሰዓት ነው» የተባለው ፈታኝ ከቀትር በኋላ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው ተፈትኖ ቤቱ ገብቷል። «ስድስት ቀንስ በለው፣ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። መቀነሱን በሁለት ቀን ይለምደዋል። የማይለመደው ሌላ ነው፦ በእንግሊዝኛ ሲያወሩት ግማሹ ባልደረባ ለእሱ ሲል ሰዓቱን ቀይሮ ይናገራል፣ ግማሹ የሐበሻውን ሰዓት እንዳለ ይነግረዋል። እንግዳው የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። መፍትሔው በቃል አለመቀየር ነው። የክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ በአንዱ 2:30፣ ከጎኑ 8:30። ማንኛውም ጥሪ በዚያው መልክ በወረቀት ወይም በስልክ መልእክት ይድረሰው። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሾፌርም ይጠንቀቅ፤ «ሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት» ማለት ለአንዱ የሰኞ አጥቢያ፣ ለሌላው የማክሰኞ አጥቢያ ነው። ትኬቱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጦ መያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ቀኑ ከሰዓቱ ይብሳል፤ ስህተቱ ቶሎ አይታወቅማ። 12/02/2017 ተብሎ የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2024። እንግሊዛዊው ፌብሩዋሪ 12፣ አሜሪካዊው ዲሴምበር 2 ብሎ ያነበዋል፤ ዓመቱን ሁለቱም የጸሐፊ ስህተት ነው ብለው ያልፉታል። 3/13/2017 ሲሆን ደግሞ አሜሪካዊው ያለ ጥርጥር ማርች 13 ይለዋል፤ እኛ ግን ጳጉሜን 3 ማለታችን ነው። ስለዚህ ወሩ በቁጥር አይጻፍ፣ በስሙ ይጻፍ። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አለፍ ብሎ ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ስምንት መሆኑም ይነገረው። ከዘመነ ሉቃስ ማግሥት፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ፣ አዲስ ዓመት በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ስልኩ ላይ ያስቀመጠው መቀየሪያ ሠንጠረዥ በአንድ ቀን ይዛነፋል። የፋሲካ ዕረፍት አገሩ ሊያሳልፍ ትኬት የሚቆርጥ መምህርም በራሱ ካላንደር ተመርቶ ሊሳሳት ይችላል። በ2018 ዓ.ም. የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ሲሆን፣ የምዕራባውያኑ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው።

ወደ ሮስተሩ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ብዙ ጠብ የሚነሣውም እዚህ ነው። የእኛ ሮስተር የአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ፣ የሁሉም የትምህርት ዓይነት ውጤት ከመቶ ተጽፎ፣ ድምርና አማካይ ወጥቶ፣ ደረጃ የሚሰጥበት ሰነድ ነው። አንድ መምህር ማርክ ሊስቱን፣ ማለትም የሚያስተምረውን ትምህርት የውጤት ዝርዝር፣ ካላስረከበ የክፍል ኃላፊው የማንንም ድምር መዝጋት፣ ደረጃም ማውጣት አይችልም፤ ሃምሳ ካርድ በአንድ ሰው ምክንያት ይቆማል። ተማሪን ከተማሪ የማያወዳድር ሥርዓት ውስጥ የሠራ መምህር ይህን ከየት ያውቀዋል? በሱ ቤት ውጤት በሁለት ቀን መዘግየት የራሱ ጉዳይ ነው። አንዳንዱም በፊደል ደረጃ ሰጥቶ ያመጣል፤ ኤ እና ቢ አይደመሩም። ስለዚህ በመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ባዶ ማርክ ሊስት ይሰጠው፦ ተከታታይ ምዘናው ከስንት፣ የመጨረሻው ፈተና ከስንት፣ ግማሽ ነጥብ ወደ ላይ ይጠጋጋል ወይስ እንዳለ ይጻፋል። የመጨረሻዋን ጥያቄ የሚንቃት ብዙ ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ የሚለዩት በግማሽ ነጥብ ሲሆን የወላጅ ሰልፍ ቢሮ ደጃፍ ላይ የሚታየው ግን በእሷ ምክንያት ነው።

ስምም እዚያው ሰነድ ላይ ያጣላል። እንግዳው የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ ተማሪውን በአያቱ ስም ሲጠራው ይውላል፤ ልጁ ዝም ሲል ቀሪ ይባላል። ወልደ ሚካኤልን «ወልደ» ብሎ ይቆርጠዋል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ እሱ ለምን እንደሆነ አይገባውም። ጸጋዬ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንዱ መምህር ዝርዝር በቲ፣ በሌላው በኤስ ስለሚጀምር የተራ ቁጥሩ ይለያያል፤ ውጤቱ ተራ ቁጥር እየታየ ሲገለበጥ የአንዱ ማርክ ለሌላው ይገባል። ከሬጅስትራሩ የወጣ አንድ ዝርዝር፣ አንድ አጻጻፍ፣ አንድ ተራ ቁጥር ለሁሉም መምህር ይበተን። ሌላ ዘዴ አያስፈልገውም።

ክፍል ውስጥ ያለውን አለመግባባት በወረቀት መጨረስ አይቻልም፤ ግን ጥቂቱን አስቀድሞ መንገር ይቻላል። ሲቆጡት አንገቱን የደፋ ልጅ ማክበሩ ነው፤ «ዓይኔን እያየህ መልስልኝ» ማለት ነገሩን ያባብሳል። ቅንድብ ማንሣትም፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ማለትም አዎንታ ነው፤ ልጁ አልደነገጠም። «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም አያስገኝም። መልሱ ሁልጊዜ በኅብረት አዎ ነው። አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በደብተራቸው ሲሠሩ እየዞሩ ማየት ይሻላል።

የሳይንስ መምህር ከሆነ ከፍታውም አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህን ያላሰበ የኬሚስትሪ መምህር ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ይጠይቃል፤ ወይም፣ ይኼ የባሰ ነው፣ ተማሪዎቹ ያነበቡትን 92 ሰርዘው 100 እንዲጽፉ ያደርጋል። ያንኑ ሙከራ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ካለ ትምህርት ቤት ውጤት ጋር ቢያነጻጽሩት ግሩም ትምህርት ይወጣዋል። ከፍታው ትንፋሽም ያሳጥራል፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ወዲያው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያስተምር እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ይደክመዋል። ያን ሰሞን ሙሉ ክፍለ ጊዜ አይጫንበት።

«ድሮ ህንዶቹ መምህራን ማን አስተምሯቸው ነው የኖሩት?» የሚል መልስ እሰማለሁ። ህንዶቹ ብዙ ስለነበሩ አዲስ መጪውን የቆየው ይቀበለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት ከ270 በላይ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አባላት፣ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችም፣ ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ወስደዋል፤ አማርኛም ተምረዋል። የዛሬው መምህር ብቻውን ይቀጠራል፣ ዓርብ ያርፋል፣ ሰኞ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። የቤት ኪራዩን የሚከፍልለት ትምህርት ቤት የሁለት ቀን ማለማመጃ ይበዛብኛል ማለቱ ሒሳብ አልገባውም ማለት ነው።

ሲሄድም አንድ ነገር ይቀራል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ «ከመስከረም 2015 እስከ ሰኔ 2017» ብላ ትጽፋለች፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥም ወሩ ይቀየርና ዓመቱ እንዳለ ይቀራል። የሚቀጥለው ቀጣሪ ያን ጊዜ መምህሩ ሌላ አገር ይሠራ እንደነበር ከሌላ ደብዳቤ ያያል፤ ወረቀቱን ሐሰተኛ ቢለው አይፈረድበትም። ደብዳቤው «እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2022 እስከ ጁን 2025» ይበል፤ የኢትዮጵያው ቀን ካስፈለገ ከሥሩ ይከተል፤ ማኅተሙም ዓመቱ ላይ አይረፍ።