ደም ተመርምሬ ነፃ ነኝ ለምትሉ እህቶች

እህቶቼ ኧረ ተዉ፣ "ቼክአፕ አድርጌ ምንም የለብኝም" እያላችሁ ራሳችሁን አትሸንግሉ። ከክንድሽ ደም ተቀድቶ ስኳሩ ኮሌስትሮሉ ጉበቱ ኩላሊቱ ይታያል፣ የማህፀን በር ካንሰር ግን እዛ ወረቀት ላይ አይወጣም! በደም ለማግኘት ተመራማሪዎች እየሞከሩ ነው፣ ይሳካላቸው፣ ዛሬ ግን ላብራቶሪ ገብተሽ የምትሰጪው ደም የማህፀን በርሽን አያይልሽም።

የሚታወቀው በሩ ራሱ ሲታይ ነው። ነርሷ በጥጥ አሴቲክ አሲድ (ያው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነገር) ትቀባና ትንሽ ትጠብቃለች፣ ነጭ ሆኖ የወጣ ቦታ ካለ ብዙ ጊዜ እዛው በዛው ቀን ይታከማል፣ ሹሩባ ለመሰራት ከምትቀመጪው ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ይሄን ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ አልጠፋ ብሎ ወደ ካንሰር እስኪቀየር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብለን ደም ሲፈስ እንሯሯጣለን፣ ካረጠች ስንት ዓመቷ የሆናት እናት ደም አይታ "ወር አበባዬ ተመለሰ" ብላ ዝም ትላለች፣ ከግንኙነት በኋላ ደም የምታየዋ ደግሞ አፍራ ለማንም አትናገርም፣ ከዛ የጨረር ወረፋ ላይ እንገናኛለን። ያሳዝናል በእውነት።

ደም ምርመራው የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ እድሏ 6 እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ኤችአይቪሽን እወቂ፣ ካለብሽ የማህፀን በሩን ምርመራ ቶሎ ጀምሪ ደጋግመሽም ታዪ። ከሌለብሽም ከ30 እስከ 49 ያለሽ ሁሉ ሳያምሽ ሂጂ።

ባሎችም ስሙ፣ "ምን ሆነሽ ነው የምትታዪው" እያላችሁ አታሸማቅቋቸው፣ ኤችፒቪ በግንኙነት ነው የሚተላለፈው፣ እናንተም ተሸክማችሁት ልትመጡ ትችላላችሁ።

ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት ድረስ የመጣውን የኤችፒቪ ክትባት "ያመክናል" ብላችሁ ልጅ የምትደብቁ ወላጆች፣ እባካችሁ! አያመክንም። ካንሰሩ ነው ማህፀን የሚያስወጣው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ካርድ ክፍል "የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ" በሉ፣ እዛ ከሌለ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ሪፈር አጽፉ፣ ደም ሰጥታችሁ ብቻ እንዳትመለሱ።