ለአንዲት ፎቶን ይህ ሁሉ ዓመት?

«ምን ይጠቅማል?» የምትለዋን ጥያቄ ብዙም አልወዳትም። ክፉ ጥያቄ ሆና ሳይሆን ቶሎ ስለምትመጣ ነው። ተመራማሪው ሐሳቡን ተናግሮ ሳይጨርስ ጥቅሙን አስረዳ ይባላል። ፈረንሳዊው የኳንተም ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሰርጅ ሃሮሽ በወጣትነታቸው እንዲህ ቢፋጠጡ ኖሮ ምን ይሉ ነበር? የሚፈልጉት ፎቶን የምትባለውን አንዲት የብርሃን ቅንጣት አጥምደው፣ ሳያጠፉ ማየት ነበር። በጀት የሚፈርም ሰው ይህን ሰምቶ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ፎቶን ስትታይ ትጠፋለች። ዓይናችንም ብርሃን የሚያየው ፎቶኖቹን ውጦ ነው። ሃሮሽና ባልደረቦቻቸው ኒዮቢየም የተባለ ብረት የተቀቡ ሁለት የመዳብ መስታወቶችን ትይዩ አቆሙ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 2.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 272 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። መስታወቶቹ ከመጥራታቸው የተነሳ አንዲት የማይክሮዌቭ ፎቶን በመካከላቸው 130 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስትመላለስ ትቆያለች። ትንሽ ጊዜ ነው ካላችሁ አስሉት፦ በዚህች ቅጽበት 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። መሬትን አንድ ጊዜ ዞረች ማለት ነው።

ከዚያ ሩቢዲየም የተባለ ንጥረ ነገር አቶሞችን አንድ በአንድ በመስታወቶቹ መሃል ይሰዳሉ። አቶሙ ፎቶኗን አይውጣትም። አቶምም የሞገድ ጠባይ አለውና፣ በእሷ ምክንያት ሞገዱ በጥቂቱ ይዛነፋል። ሲወጣ እሱን ይለኩና ፎቶኗ እንዳለች ያውቃሉ። ቀጣዩ አቶም ሲገባም አሁንም እዚያው ናት። ይህን በ2007 ሲያሳዩ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) መስታወት ማሻሻል ከጀመሩ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይ አልፈው ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ ከየት አገኙት? ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ሃሮሽ በ1944 በሞሮኮዋ ካዛብላንካ ተወልደው በ12 ዓመታቸው ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል በ1967 ሲቀጥራቸው ዶክትሬታቸውን እንኳ ገና አልያዙም። እሱን የጨረሱት በ1971 ነው። በ1975 ፕሮፌሰር ሆኑ። የነገ እንጀራቸው አላሳሰባቸውም። እሳቸውም ዛሬ ድረስ የሚሟገቱት ለዚሁ ነው፤ ለተመራማሪ ጊዜና እምነት ይሰጠው ይላሉ።

ሌላው የመምህር ነገር ነው። ፓሪስ በሚገኘው ኤኮል ኖርማል ሱፐርየር በተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ሊቁ አልፍሬድ ካስትለር በ1966 ኖቤል አገኙ። የእሳቸው ተማሪ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂ በ1997 አገኙ። የእሳቸው ተማሪ ሃሮሽ ደግሞ በ2012፣ ከአሜሪካዊው ዴቪድ ዋይንላንድ ጋር። አንድ ቤተ ሙከራ፣ ሦስት ትውልድ። ኮኸን-ታኑጂም እንደ ሃሮሽ የሰሜን አፍሪካ፣ የአልጄሪያ ተወላጅ መሆናቸውን ልብ በሉ።

«ፈረንሳይ ሀብታም ናት፣ እኛ ከየት አምጥተን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ኒዮቢየም የተቀባ መስታወት ይገዛልን አልልም። ጎበዝ መምህር የራሱን ተተኪ እዚያው ክፍል እስኪያወጣ እንዲቆይ ማድረግ ግን የመስታወቱን ያህል አያስወጣም። ጊዜ ያገኘ ሁሉ ሃሮሽ አይሆንም፤ ደመወዝ እየበላ የሚተኛም አለ። እሱን ፈርቶ ሁሉንም በሦስት ወር ሪፖርት ማጣደፍ ግን አይገባኝም።

ጥቅሙን ለሚጠይቁ አንድ ነገር ልጨምር። ሃሮሽና የሥራ ባልደረባቸው ዣን-ሚሼል ሬሞን በ1996 በኳንተም ፊዚክስ ሕግ ስለሚያሰላው ኳንተም ኮምፒውተር ጽፈው ነበር። የጽሑፉ ርዕስ ሕልም ነው ወይስ ቅዠት የሚል ነበር። ያኔ ተስፋውን አጋንነው ቢጽፉ ገንዘብ ይጎርፍላቸው ነበር ብዬ እገምታለሁ። እነሱ ግን ችግሩን ዘረዘሩ። ከ16 ዓመት በኋላ የኖቤል ኮሚቴው ሽልማቱን ሲያውጅ፣ ሥራው ወደ ኳንተም ኮምፒውተር የሚወስድ የመጀመሪያ እርምጃ ነው አለ።