ከጉልላቱ በፊት አጥሩ

ውጭ ያለን ምእመናን ለአገር ቤት አጥቢያ ስናዋጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጉልላት ነው፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ድምፅ ማጉያ። አጥር የሚል ብዙም አይሰማም። በደቡብ ጎንደር ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደን የሚያቆየው እሱ ነው።

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ሲኖዶስ በ2020 እ.ኤ.አ. የካርቦን ልቀቱን በ2030 ወደ የተጣራ ዜሮ (የሚለቀቀውና የሚወገደው እኩል ወደሚሆንበት) ለማድረስ ወስኗል። ስለ ግቢ አጠባበቅ እኔን የሚገርመኝ ግን የመቃብር ግቢያቸው ሣር ነው። ለአበባ በተተወው ክፍል ሣሩ ዘር እስኪያፈራ አይነካም፤ ጁላይ ወይም ኦገስት ላይ ይታጨዳል፤ ዘሩን እንዲያራግፍ ጥቂት ቀን መሬት ላይ ይተውና ተጠርጎ ይወጣል። እዚያው ከበሰበሰ አፈሩን ያዳብራል፤ የዳበረ አፈር ሳማና ወፍራም ሣር አብዝቶ አበባውን ያጠፋል። መተላለፊያው ግን አዘውትሮ ይከረከማል፤ አለዚያ «ግቢው ተጣለ» የሚል ወቀሳ ይመጣል።

የእኛ ሀብት ሣር አይደለም፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ገብተው ሥር ሥሩን ቢያዩ ግን አጥር በሌለው ደን ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ችግኝ አይገኝም። ግዝት መጥረቢያን ያስቆማል፤ ላም ግን ግዝት አታውቅም፤ የበቀለውን ትበላለች፣ ትረግጣለች። የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት አይቆይም፤ እናት ዛፉ ከወደቀ ቦታው በራሱ አይመለስም። ኮሶ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነውና አንድ ዛፍ ብቻ ማትረፍም ዘር አያስገኝም።

አጥሩ ሲሚንቶ አይፈልግም። ከዙሪያው ማሳ የተለቀመ ድንጋይ ይበቃል፤ የገበሬውም ማረሻ ይገላገላል። ታቹ ሰፋ፣ ላዩ ጠበብ ብሎ ከብት የማይዘለው ከፍታ ይኑረው። ሰው በሚመላለስበት አቅጣጫ በር ካልተተወለት በአቋራጭ ይናዳል። ከዳር ዛፎች ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ ቢሠራ ለችግኝ ቦታ ይተርፋል። መትከል ካስፈለገ ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ችግኙ ያደገበት ፕላስቲክ ካልተቀደደ ሥሩ እዚያው ተጠምዝዞ ይቀራል።

ባሕር ዛፍ ለደብሩ ገቢ ነው፣ አይካድም፤ ከአጥሩ ውጭ ይተከል። ውስጥ ከገባ ውኃ ይሻማል፤ ተቆርጦ ሲጎተትም ችግኙን ይሰብራል። የሲሚንቶ መቃብርም ያው ነው። የዝግባውን ቦታ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ከፋዩም ውጭ ያለው ልጅ ነው። መዋጮ ስንጠየቅ የግቢው ዙሪያ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንቱ እንደታጠረ አንጠይቅም።